በጠፈር ጨዋታ ውስጥ የኃይል ሚዛን

የጅቡቲ ከተማ ከተቆረቆረችባቸው አምባዎች አንዱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ በአማርኛ «የእባብ አምባ» የሚባለው ሠፈር ነው። በዚህ ሠፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በኮምፒዩተር ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች መካከል የጠፈር ስትራቴጂ ጨዋታ ይገኝበታል። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ከአንድ ፕላኔት ተነስቶ ፋብሪካ ይተክላል፤ የጠፈር መርከብ ይሠራል፤ ሌሎች ፕላኔቶችን ይይዛል፤ በመጨረሻም ከጎረቤቱ ጋር ይዋጋል ወይም ይስማማል። ተማሪዎቹ ዘወትር የሚጠይቁን «ከሁሉ የሚበልጠው መርከብ የትኛው ነው?» እያሉ ነው። ጨዋታው በሚገባ የተሠራ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ መርከብ ሊኖር አይገባም። ለምን እንደማይገባ ከዚህ ቀጥለን እናብራራለን። ጉዳዩ የሒሳብ መምህራንንም የሚመለከት ስለሆነ፣ ጨዋታውን በጊዜ ማባከኛነቱ ብቻ የሚያዩት ባልደረቦቻችን ጥቂት ቢታገሡን እንወዳለን።

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። «ሀ» የተባለው ተጫዋች 10፣ «ለ» የተባለው ደግሞ 8 ፋብሪካ አላቸው እንበል። የሁለቱም ፋብሪካ በየተራው በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ከአንድ ተራ በኋላ 12 እና 9.6፣ ከሁለት ተራ በኋላ 14.4 እና 11.52 ይሆናል። ከ10 ተራ በኋላ «ሀ» 62 ያህል፣ «ለ» 50 ያህል ይኖራቸዋል። እንግዲህ ሁለቱም በእኩል ትጋት ሠርተው ሳለ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ2 ወደ 12 አድጓል ማለት ነው።

ውጊያ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሁሉም በሁሉም ላይ መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ጦር ኃይል የሚለካው በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ውጤት ነው። 10 መርከቦች በጥራት እኩል ከሆኑ 8 መርከቦች ጋር ቢዋጉ፣ 100 ሲቀነስ 64 እኩል ይሆናል 36፤ በራሱ ሲባዛ 36 የሚሰጠው ቁጥር 6 ነው። ስለዚህ ተሸናፊው 8ቱንም ሲያጣ አሸናፊው 4 ብቻ አጥቶ በ6 መርከብ ይቀጥላል። በ62 እና በ50 መካከል በሚደረግ ውጊያ ደግሞ 37 ያህል ይተርፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ተራዎች በሁለት ፋብሪካ ወደኋላ የቀረ ልጅ የቀረውን ሰዓት የሚጫወተው ሽንፈቱን ለመጠበቅ ብቻ ይሆናል። ከጥቂት ቀን በኋላም ከጨዋታው ይርቃል፤ ይህን በክፍል ውስጥም እናውቀዋለን። የጨዋታ ሠሪው ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ሁሉንም ተጫዋች አንድ ዓይነት ማድረግ አይደለም። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ብርታት ዋጋ ማስከፈል ነው። ይህ ዘዴ ከኮምፒዩተር ጨዋታ መባቻ ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ፒ.ዲ.ፒ. 1 በሚባል ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ሁለት መርከቦች ይተኳኮሳሉ፤ ነዳጃቸውም ቶርፒዶአቸውም የተወሰነ ነው። ከዚያም ዳን ኤድዋርድስ በመካከል በስበት ኃይል የምትጎትት ፀሐይ ጨመረበት። ዝም ብሎ የቆመ መርከብ ወደ ፀሐይዋ ተስቦ ይጠፋል፤ ስበቱን ማስላት የሚችል ተጫዋች ግን በእሱው ተገፍቶ ነዳጁን ይቆጥባል። (ቶርፒዶዎቹ በስበቱ አይነኩም ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ለዚያ ሁሉ ስሌት አቅም አልነበረውምና።) የተጨነቀ ተጫዋች ከእይታ ተሰውሮ በሌላ ቦታ ብቅ ማለትም ይችላል። ነገር ግን ብቅ የሚልበትን ቦታ አይመርጥም፤ በተጠቀመበት ቁጥርም ሲመለስ የመፈንዳቱ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። ማምለጫው አለ፤ ዋጋውም እየናረ ነው። በእኛ አስተያየት ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ጨዋታዎች የዚህን ያህል አልተራቀቁም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ማስተር ኦፍ ኦራይን» ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኢኮኖሚ አዛወረው። የአንድ ፕላኔት ገቢ ለመርከብ፣ ለመከላከያ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለምርምር ይከፋፈላል፤ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ ነው። ከአሥሩ ዘሮች መካከል ሲሊኮይድ የሚባሉት ድንጋይ መሰል ፍጡሮች በማናቸውም ክፉ ፕላኔት ላይ መኖር ይችላሉ፤ ሕዝባቸው የሚራባው ግን በዝግታ ነው። በምርምር የሚበልጡት ሳይሎኖች ግን የከፈሉት ዋጋ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ተጫዋቾች እነሱን ይመርጣሉ። ሚዛኑ የተዛባው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ችግር ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ አያቶቻችን በሰንጠረዥ ጨዋታ መልስ ሰጥተውበታል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት እንደፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህም ወረራ ይባላል። በመሆኑም የቀዳሚነት ጥቅም የሚባል ነገር የለም፤ የዓይን ንቃትና የእጅ ፍጥነት ግን ያስፈልጋል።

የቀረው የቦታ ጉዳይ ነው። ለዚህ ከጅቡቲ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ምድሩ ድንጋያማ፣ ውሃው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር አጠገብ ይገኛል። ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1897 መሠራት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ሠፈሮች በዚህች ትንሽ አገር ጎን ለጎን ይገኛሉ። በጠፈር ጨዋታም ማዕድን የሌላት፣ መንገዶች ሁሉ የሚያልፉባት ኮከብ አለች። በሩን የያዘ ከአላፊው ሁሉ ያተርፋል፤ የሁሉንም ዓይን ግን ይስባል። ሠሪው ይህችን ኮከብ በነፃ ከሰጠ ጨዋታው ለእሷ በሚደረግ ሩጫ ብቻ ያልቃል።

ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት ይህንን በካሬ ወረቀት ሊሞክረው ይችላል። 9 በ9 የሆነ ሠንጠረዥ ይሠመር። አራት ቡድኖች በአራቱ ማዕዘኖች ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ በየተራው 1 መርከብ ያግኝ። መካከለኛዋ ካሬ በሩ ትሁን፤ በእሷ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ለባለቤቷ 1 ነጥብ ይክፈል። ባለቤቷ ደግሞ ከቦታቸው የማይነቃነቁ 3 ጠባቂ መርከቦች እንዲያቆም ይገደድ። ሦስት ጊዜ ተጫውተው የበሩ ባለቤት ሦስቱንም ጊዜ ካሸነፈ ተማሪዎቹ የጠባቂዎቹን ቁጥር ወደ 4 ያሳድጉት፤ በሩን የሚፈልግ ቡድን ከጠፋ ደግሞ ወደ 2 ይቀንሱትና እንደገና ይጫወቱ።