ልብ እየመታ መሞት ይቻላል?

በሽተኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ገላው ይሞቃል፣ ሽንቱ እንኳ አልተቋረጠም። ሐኪሙ ግን ቤተሰቡን ወደ ጎን ጠርቶ «አርፏል» ይላል። አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ሞቷል፤ አየር የሚያስገባለት ማሽኑ ነው። ታዲያ ይህ ሰው አስከሬን ነው ወይስ ሕመምተኛ? ኩላሊቱንና ልቡን አውጥቶ ለሌላ መስጠት ነፍስ ማዳን ነው ወይስ ነፍስ ማጥፋት?

ድሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። ትንፋሽ ከቆመ ልብም ወዲያው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ ብዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም መተንፈስ ያቃታቸውን ሕሙማን ጉሮሮ በስቶ ቱቦ አስገባ፤ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ በእጃቸው አየር ይገፉላቸው ጀመር። ብዙ ሰው ተረፈ። ሥራውን ማሽን ሲረከበው ግን አንጎላቸው የጠፋ፣ ልባቸው የሚመታ ሰዎች በየሆስፒታሉ ተገኙ። ማደንዘዣ ሐኪሞች ግራ ገብቷቸው ለሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ጥያቄ አቀረቡ። እሳቸውም በ1957 ሞት መቼ እንደደረሰ መወሰን የሐኪም ድርሻ መሆኑን፣ ከመጠን ያለፈ ሕክምና መቀጠልም ግዴታ አለመሆኑን ተናገሩ።

ነገሩን ያከረረው ንቅለ ተከላ ነው። በታኅሣሥ 1967 ክሪስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ፤ ተቀባዩ 18 ቀን ኖረ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የአንጎልን ሞት መመዘኛ አወጣ። የሞት ትርጉም የተለወጠው ልብና ኩላሊት በተፈለገበት ሰሞን መሆኑ ጥርጣሬ መውለዱ አይቀርም ነበር፤ ለኔ ይህ ጥርጣሬ የመሃይም ፍርሃት አይደለም። በዚያው 1968 ሳፖሮ ላይ ልብ የተከለ ጃፓናዊ ሐኪም በነፍስ ግድያ ተወንጅሏል። ክስ ባይመሠረትበትም፣ ጃፓን የአንጎል ሞት ለደረሰበት ሰው አካል መውሰጃ ሕግ ያወጣችው በ1997 ነው።

ሃይማኖቶቹ ምን አሉ? ብዙ ሰው ክርክሩን በክርስቲያን፣ በሙስሊምና በአይሁድ መካከል ያለ አድርጎ ያስበዋል። እውነቱ ግን መስመሩ የሚያልፈው በየሃይማኖቱ ውስጥ ነው።

አይሁዶችን እንይ። የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ በሆነው ታልሙድ ውስጥ በሰንበት ቤት የተደረመሰበት ሰው ጉዳይ አለ። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራልና ፍርስራሹ ይቆፈራል፤ ሰውየው ሞቶ እንደሆነ የሚታወቀው ግን እስከ ምኑ ድረስ ተገልጦ ነው? መልሱ እስከ አፍንጫው ነው፤ ትንፋሹ ይፈተሻል። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። አንዱ «ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ግንድ ስለሆነ፣ እሱ ከሞተ ሰውየው ሞቷል» ይላል። ሌላው «አፍንጫ ምልክት ብቻ ነው፤ ልብ እየመታ ሞት የለም» ባይ ነው። የእስራኤል ዋና ረቢነት በ1986 የመጀመሪያውን ይዞ የልብ ንቅለ ተከላን ፈቀደ፤ እንደ ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ያሉ ታላላቅ ሊቃውንት ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉትም።

በእስልምናም እንዲሁ ነው። በዚያው 1986 አማን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ የአንጎልን ሞት እንደ ሞት ቆጠረው። በዓመቱ መካ ላይ የተሰበሰበው ሌላው ጉባኤ ግን ማሽኑን መንቀል ቢፈቅድም፣ ልብና ትንፋሽ እስኪቆሙ ድረስ ሰውየው ሞተ አይባልም አለ። የመካው ውሳኔ ከአማኑ ይልቅ ለኤልያሺቭ ይቀርባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክርክር ገና ጎልቶ አልተሰማም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የቆመው በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክም የዓይን ብሌን የሚወስደው ልብ ከቆመ በኋላ ስለሆነ፣ የኤልያሺቭም የመካም ጥያቄ አይነሳበትም። የእኛ ሰው የሚፈራው ሌላ ነው፤ ገላው ጎድሎ እንዳይቀበር፣ በትንሣኤ ዓይን አጥቶ እንዳይነሳ።

ለዚህ ስጋት መልሱ ከራሱ ከምእመኑ ደጅ የራቀ አይመስለኝም። ጥር 18 ቀን የሚከበረው ዝርወተ አጽሙ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥጋ ተቃጥሎና ተፈጭቶ በይድራስ ተራራ ላይ የተበተነበት መታሰቢያ። ያ ዐመድ እንደተነሳ ገድሉን ሰምቶ ያመነ ሰው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ የማትበልጥ ስስ የዓይን ሽፋን ስለጎደለችው ትንሣኤ ያመልጠኛል ብሎ ሊሰጋ አይገባውም። በሙስሊሙ በኩል የሬሳን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር የሚቆጥር ሐዲስ አለ። ልገሳን የፈቀዱት ሊቃውንትም፣ ለምሳሌ በ1982 የሳዑዲ ዓረቢያ ታላላቅ ዑለማ ምክር ቤት፣ የሬሳውን ክብር አልካዱም፤ የሕያውን ችግር ግን አስቀደሙ።

ሕጉም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አካል መስጠት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። ባለቤቱ ሰውየው ነው ማለት ነው። በተግባር ግን ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ለመስጠት ቃል ገብተው አርአያ በሆኑበት አገር፣ ቃል የገባው ሰው ሲያርፍ ለዓይን ባንኩ ስልክ የሚደውለው ቤተሰቡ ነው። ብሌኑ መነሳት ያለበት በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ድንኳን የሚተከልበት፣ እድር የሚጠራበት፣ እናት ደረቷን የምትደቃበት ሰዓት ነው ያ። ሙስሊም ቤት ከሆነ ደግሞ ቀብሩ ራሱ ይጣደፋል። ወረቀቱ ኮሞዲኖ ውስጥ እንዳለ የሚያስታውስ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ቃሉ አብሮ ይቀበራል።

ከሞተ ሰው ኩላሊትና ጉበት መውሰድ ከተጀመረ ግን የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሞቱን የሚያረጋግጡት ሐኪሞች የዋና ረቢነት ሰዎች ባሉበት ኮሚቴ የሚፈቀድላቸው ናቸው፤ በንቅለ ተከላው እጃቸው አይገባም። ቤተሰቡ በእምነቱ ምክንያት የአንጎልን ሞት ካልተቀበለ ማሽኑ ልቡ እስኪቆም አይነቀልም። «አዲ» በሚባለው የለጋሽ ካርድ ላይም ቤተሰቡ የመረጠው የሃይማኖት አባት ካልፈቀደ አይሁን የሚል ምርጫ አለ። ካርዱን የፈረመ ሰው ራሱ ንቅለ ተከላ ቢያስፈልገው በተራው ቅድሚያ ያገኛል፤ ይህን ግን ከኩላሊት እጥበት ወጪ ጋር በሚታገል ድሃ አገር ለማምጣት እኔ አልደፍርም።