ባለ 72 አጥንቱ አንገት

በሰው አንገት ውስጥ 7 አጥንት አለ። በቀጭኔም እንዲሁ 7 ነው። ኤላስሞሳውረስ ግን 72 ነበረው፤ ከ10 ሜትር ጥቂት ከሚያልፈው ርዝመቱም 7 ሜትር ያህሉ አንገት ነበር።

ይህ ተሳቢ እንስሳ ከ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ስንዴ የሚታጨድበት የአሜሪካው ካንሳስ ባሕር ሳለ፣ በአራት መቅዘፊያ እየዋኘ ዓሣ ያድን ነበር። የሚተነፍሰው በሳንባ ነው። ወገኑ ፕሌሲዮሰር ይባላል። ዳይኖሰር አይደለም፤ አሻንጉሊት ሻጮች ግን ዛሬም ከዳይኖሰሮች ጋር በአንድ ከረጢት ይጨምሩታል።

እሱስ ይሁን። የማይታለፈው የሠዓሊዎቹ ጥፋት ነው። በልጆች መጻሕፍት ላይ ይህ ምስኪን ፍጡር እንደ ዝይ አንገቱን ቀልብሶ፣ ራሱን ከውሃው በላይ ሰቅሎ አካባቢውን ሲቃኝ ይታያል። አጥንቶቹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይስልም። እያንዳንዱ አጥንት ከጎረቤቱ ጋር ተጠጋግቶ ስለተገጠመ በየመጋጠሚያው የሚታጠፈው በጥቂቱ ነው። ሁሉም ተደምረው አንገቱን ለስለስ አድርገው ያጎብጡታል እንጂ አይጠቀልሉትም። ክብደትም አለ። እግሩን የሚተክልበት መሬት የሌለው ዋናተኛ ያን ሁሉ ጡንቻና አጥንት ወደ አየር ላንሳ ቢል፣ ራሱ ሳይወጣ ገላው ወደ ፊት ይደፋል።

የስኮትላንዱ ሎክ ኔስ ሐይቅ «ጭራቅ» የሚታወቀውም በዚሁ በማይሆን አቋም ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ላይ የወጣው ዝነኛ ፎቶ፣ ኋላ እንደተጋለጠው፣ በአሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ የውሸት አንገትና ራስ ነበር። ደግሞስ ፕሌሲዮሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሐይቁ ቦታ ግን ከ10,000 ዓመት ብዙም ቀደም ሳይል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር።

በአንገቱ ሊቅም ተሳስቷል። የጦር ሐኪሙ ቴዎፊለስ ተርነር በካንሳስ፣ ፎርት ዋላስ አቅራቢያ ያገኘውን አጽም የፊላደልፊያው ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ ሲገጣጥም፣ ጭንቅላቱን በጅራቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ሌላው ሊቅ ጆሴፍ ላይዲ በ1870 ስህተቱን ሲያጋልጥ፣ ኮፕ የታተመውን ጽሑፉን ከየሰዉ እጅ ለመሰብሰብ ተሯሯጠ። ብዙም አይፈረድበት፤ እንሽላሊትን የለመደ ዓይን ረጅሙን ወገን ጅራት ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል?

ወሬው ሁሉ አንገት ላይ ሲሆን ሆዱን የሚያስታውስ ጠፋ። ፖሊኮቲለስ የተባለች፣ አንገቷ አጠር ያለ የካንሳስ ዘመዱ አንድ ትልቅ ሽል በሆዷ እንደያዘች ተገኝታለች። ግኝቱ በ2011 ሲታተም፣ እነዚህ እንስሳት እንቁላል ለመጣል ወደ ባሕር ዳርቻ ይወጡ ነበር የሚለው የቆየ ግምት ወደቀ። እናትየዋ ከነሽሏ በሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትታያለች።