ባንድ መንገድ ሲወጣ

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥ ብሎ የሄደ አዳማ ይገባል፤ ወደ ደቡብ የታጠፈ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ ይደርሳል። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሻሸመኔ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከተሞቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ማታ አንዱ ጋ ተጫውቶ ያደረ ባንድ ከምሳ በፊት ሌላው ጋ ይደርሳል። ለተጓዥ ባንድ በአገራችን ከዚህ የሚሻል መስመር የለም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም መንገድ የወጣ ባንድ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቸግረው አንባቢ ቢያውቅ ይጠቅማል።

ስለ ሮክ ሙዚቀኛ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው መድረክ ላይ ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል ናት። የቀረው ቀን የመጫን፣ የማውረድ፣ ገመድ የመዘርጋትና የመጠበቅ ነው። ድካሙም ሙያውም ያለው እዚያ ነው።

ባንዶቻችን መንገድ ሳይለምዱ የቀሩት በስንፍና አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1970ዎቹ የስመ ጥሩዎቹ ባንዶች ቤት ሆቴል ነበር፤ አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ የገባ ታዳሚ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ይህ ጽናትን ያስተምራል፣ ብዙ ዜማ ያስጠናል፤ አገር ግን አያሳይም። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ዞሮ የተጫወተ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ሲሆን፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተን ለሙዚቀኞቻችን ከሻሸመኔ ይልቅ የቀረበበት ዘመን ነበር ማለት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሮክን በግልጽ ስሙ ይዞ የመጣው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ» የተባለ አልበሙን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ አድርጎታል፤ ከፍ ብሎ የሚጮኸው የኤሌክትሪክ ጊታር ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ተስማምቶ መሄድ እንደሚችል ብዙ ወጣት የሰማው ከዚያ ነው።

ከባልደረባ ባንድ ጋር መጓዝ ምን እንደሚያፈራ ለማየት ግን ጌታቸው መኩሪያን ማንሳት ይገባል። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወቱ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በ1979 የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለ የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም እየዞረ ተጫወተ። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዛቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሰባዎቹ ተጠግቶ ነበር። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ፤ ከዚያም አውሮፓን አብረው ዞሩ። አልበሙን የሰማ ሰው የዘ ኤክስ ጊታሮች ቁጣና የሽለላው ቁጣ አንድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ስቱዲዮ ብቻ ተገናኝቶ የሚለያይ ሰው እንዲህ አይጫወትም። በአንድ መኪና ተጉዞ፣ በአንድ ገበታ በልቶ፣ የሌላውን ባንድ ሙዚቃ ከመድረክ ጀርባ ሆኖ በየምሽቱ የሰማ ነው እንዲህ የሚጫወት።

ባንዶች አብረው ሲጓዙ ዕቃ ይጋራሉ። አንድ የድራም ስብስብ፣ አንድ የቤዝ አምፕሊፋየር፣ ሁለት የጊታር አምፕሊፋየር ለሁሉም ይበቃል። ድራመሩ የራሱን ሲምባል፣ ስኔርና ፔዳል ብቻ ይይዛል፤ ጊታሪስቱ ጊታሩንና ፔዳሎቹን። በዚህ መንገድ የጭነቱ ክብደት ይቀንሳል፣ በሁለት ባንድ መካከል ያለው ጊዜም ያጥራል። ብዙውን ጊዜ ሳውንድ ቼክ የሚጀምረው በመጨረሻ የሚጫወተው ባንድ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው በመጨረሻ ይሞክራል፤ ዕቃው እንደተሰናዳ ለእሱ እንዲቆይለት። ገመድ የተበጠሰበት ከጎረቤቱ ይዋሳል። ነገ ደግሞ እሱ አዋሽ ነው።

አዳማ ላይ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ መድረክ ላይ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያያል። ማለዳ አዲስ አበባ ብርድ ላይ የተቃኘው ጊታር ወርዷል፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወፍራል። ሳክስፎኑ በተቃራኒው ወጥቷል። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ክሩን ያጠብቃል፤ ሳክስፎኒስቱ የመንፊያውን ጫፍ ከአንገቱ ትንሽ ሳብ ያደርጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ታዳሚው ሲገባ፣ እንደገና ይቃኛሉ። ታዳሚው «ምን ያስቆያቸዋል?» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ነፋሱም ሌላ ነው። የአዳማ ነፋስ በሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች 204 ሜጋ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚያስችል ነው፤ ክፍት ሜዳ ላይ በተተከለ ማይክሮፎን ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንደ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ማይኩ ስፖንጅ ይለብሳል፤ ስፒከሮቹ በጠፍር ይታሰራሉ። መብራት ሊጠፋ ወይም ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ስለሚችል ጄኔሬተር በተጠባባቂነት ይቆማል። ዲጂታል ሚክሰር መብራት ብልጭ ብሎ ቢመለስ እንኳ እንደገና እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል፤ ዘፋኙ ያን ዝምታ በጭብጨባ መሙላት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የድምፅ ባለሙያ ስሙ ፖስተር ላይ አይወጣም። ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ገንዘቡ ቀጭን ነው። አዘጋጁ ቀብድ ይሰጣል፤ ቀሪው ከበር ትኬት ይጠበቃል። ነዳጅ፣ አልጋ፣ ምግብና የዕቃ ኪራይ ከዚያ ይወጣሉ። የቢራ ፋብሪካዎች ለኮንሰርት ዋነኛ ስፖንሰር ሆነው ኖረዋል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካገደ ወዲህ ግን ያ በር ጠብቧል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሠርጉም ጭፈራውም ስለሚቀዘቅዝ መንገዱ ለሁለት ወር ያህል ይዘጋል።

አንድ ባንድ ብቻውን አዳማ ሄዶ ቢከስር ሁለተኛ አይመለስም። ሦስት ባንዶች አንድ መኪና፣ አንድ ድራምና አንድ የድምፅ ባለሙያ ተጋርተው ዓርብ አዳማ፣ ቅዳሜ ባቱ፣ እሑድ ሻሸመኔ ቢጫወቱ ወጪው ይካፈላል፤ በሚቀጥለው ወርም መመለስ ይቻላል። ከተማዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ምሽት ሲዘጋጅ ትኬቱን ይግዙ፤ በነፃ የሚያስገባ ዘመድ አይፈልጉ። ስሙን ሰምተውት የማያውቁት የመጀመሪያው ባንድ ሲወጣም አዳራሹ ውስጥ ይገኙ።