ከራሞትስዌ ጋር እስከ ስንተኛው መጽሐፍ?

ወንጀል የሚመረመርባቸው፣ ደም ግን የማይበዛባቸው ልቦለዶች እወዳለሁ። ከሁሉም የማስቀድመው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የቦትስዋና ተከታታይ ነው። ፕሬሸስ ራሞትስዌ አባቷ ያወረሷትን ከብቶች ሸጣ ጋቦሮኔ ውስጥ የመርማሪ ቢሮ ትከፍታለች። የጠፋ ባል ፍለጋ፣ የተጠረጠረ ሠራተኛ፤ ጉዳዮቿ እንዲህ ያሉ ናቸው።

መጻሕፍቱ ዛሬ ከ20 በልጠዋል። ጓደኞቼ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ምን ያደክምሻል?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ምስጢሩ እየሳሳ፣ ገጸ ባሕርያቱ ቀይ ሻይ እየጠጡ የሚያወጉት ወግ እየተደጋገመ ይሄዳል። እኔን የሚያስቀጥሉኝ ሰዎቹ ናቸው። ረዳቷ ግሬስ ማኩትሲ ከጸሐፊነት ኮሌጅ በ97 በመቶ ተመርቃም፣ ቀጣሪዎች መልክ እየመረጡ ሥራ ነፍገዋታል። ይህችው ልጅ በ12ኛው መጽሐፍ ስትዳር የጎረቤት ልጅ የተዳረች ያህል ደስ አለኝ። ይህን ደስታ የሚያገኘው አብሯት የቆየ አንባቢ ብቻ ነው።

እናንተም ራሞትስዌ ራሷ እስከምታገባበት እስከ አምስተኛው ድረስ ሞክሩ። ያኔም ሰዎቹ ካልናፈቋችሁ ያለ ጸጸት ተዉት፤ ከናፈቋችሁ ግን እያረፋችሁ፣ በዓመት አንዱን ብቻ አንብቡ።