ብሩ ሳይወጣ ሂሳቡ ሲቀነስ

ደመወዝ በገባ ሰሞን ፉሪ ውስጥ ብር ያለው ኤቲኤም ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሰፈሩ ሰው ብዙው አዲስ አበባ ሲሠራ ይውልና አመሻሽ ላይ ከታክሲ ወርዶ፣ ባጃጅ ከመያዙ በፊት ማሽኑ ጋ ይሰለፋል። ካርድ ይገባል፣ የሚስጥር ቁጥር ይነካል፣ ከውስጥ ብር ሲቆጠር ይሰማል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ድርግም ይላል። ስልኩ ግን መብራት አይጠብቅም፦ «ከሂሳብዎ 4000 ብር ተቀንሷል»። ከኋላ ያሉት ተራቸውን ረስተው ምክር ይጀምራሉ። አንዱ «በላብህ፤ አይዞህ፣ ነገ ይመልስልሃል» ይላል። ሌላዋ «ኧረ ወንድሜ፣ የእህቴ ስንት ጊዜ ፈጀ!» ትላለች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን ብዙ ጊዜ የሚፈጥረው ካርዱና ማሽኑ የአንድ ባንክ መሆን አለመሆናቸው ነው።

ማሽኑና ሂሳቡ አንድ ቦታ አይደሉም። ማሽኑ ፉሪ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሂሳቡ ያለው የባንኩ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው። ካርድ ሲገባ ማሽኑ «ይህ ሰው 4000 ብር ጠይቋል፣ ልስጠው?» የሚል መልእክት ይልካል። ማዕከሉ ሂሳቡን አይቶ፣ ቀንሶ፣ «ስጠው» ይለዋል። መቀነሱ ከመስጠቱ ይቀድማል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመሃል ኔትወርክ ከተቆረጠ ወይም ብሩ መውጫው ላይ ከተቀረቀረ ማሽኑ «አልሰጠሁትም፣ መልስለት» የሚል ሌላ መልእክት መላክ አለበት። ባንኮች ለካርድ በሚጠቀሙበት ኢሶ 8583 በተባለው ዓለም አቀፍ የመልእክት ደረጃ የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥሩ 0200፣ የመመለሻው 0420 ነው። ሁለተኛው በጊዜው ከደረሰ ደንበኛው ቤቱ ሳይገባ ብሩ ይመለስለታል። ሳይደርስ ሲቀር ነው ነገሩ ሰው እጅ የሚገባው።

ደግነቱ ማሽኑ ምስክር አለው። እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ጆርናል በሚባል መዝገብ ያሰፍራል፦ ካርድ ገባ፣ ይህን ያህል ኖት ተቆጠረ፣ ወደ መውጫው ተገፋ፣ ተወሰደ ወይም አልተወሰደም። ሁለተኛው ምስክር ራሱ ብሩ ነው። ብሩ በካሴት ተደርድሮ ስለሚጫን፣ ማሽኑ ተከፍቶ ሲቆጠር የተጫነው፣ የወጣውና የቀረው መጋጠም አለባቸው። 4000 ብር ትርፍ ከተገኘና ጆርናሉም በዚያች ሰዓት የተቋረጠ ወጪ ካሳየ ክርክር የለም። ትርፍ ካልተገኘ ግን ደንበኛው ቢምልም ባንኩ አይሰማውም። መሃል ላይ የሚቆም አንድ ጉዳይ አለ፦ ሰውየው ዘግይቶ ብሩን ሳያነሳ ቀርቶ ማሽኑ መልሶ ሲስበው። አንዳንድ ማሽኖች የሳቡትን መልሰው አይቆጥሩም። በሌላው ዓለም ሌቦች ከብሩ ጥቅል መሃል ጥቂት ኖት መዝዘው ቀሪውን ለማሽኑ እየተዉ «ምንም አልወሰድኩም» ሲሉ ኖረዋል፤ በዚህ የተነሳ መሳቡን ጨርሰው ያጠፉ ባንኮች አሉ።

ቅሬታ ሲጻፍ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሰዓት ላይ ነው። ደንበኛው «ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ተኩል» ብሎ ይጽፋል፤ ጆርናሉ ላይ የሰፈረው 19፡30 ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር። ቅርንጫፉ ያለችው ሠራተኛ ለምዳዋለች፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲያልፍ ግን 1፡30 ተብሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው ሰዓት ሊፈለግ ይችላል። የአጭር መልእክቱን ቀን፣ ሰዓትና የግብይት ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ይሻላል። ማሽኑ ስሊፕ ከሰጠም መጣል አይገባም፤ የማሽኑ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ እሱ ላይ አለ።

ንግድ ባንክ በ1993 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ስምንት ኤቲኤሞች አዲስ አበባ ላይ ሲተክል ካርዱም ማሽኑም የራሱ ነበሩ። ዛሬ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን የሚሠራው ባንኮቹና ብሔራዊ ባንክ በጋራ ባቋቋሙት ኢትስዊች በኩል ነው። ምቾቱ ትልቅ ነው፣ ክርክሩ ግን ረዘመ። የካርዱ ባንክ የሌላውን ማሽን ከፍቶ መቁጠር አይችልም። ጥያቄውን በኢትስዊች በኩል ይልካል፣ የማሽኑ ባለቤት ጆርናሉን አውጥቶ፣ ብሩን ቆጥሮ ይመልሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ብሩ የቀረበትን ማሽን ባንክ በር ሲያንኳኳ ይውላል። ሂሳቡ ያለው ካርዱን የሰጠው ባንክ ጋ ስለሆነ ቅሬታውም የሚቀርበው እዚያ ነው።

ሱቅ ውስጥ በካርድ በሚከፈልበት ፖስ ማሽን ላይ ደግሞ የሚታወቀው ችግር ድርብ ክፍያ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ትላለች፣ ኋላ ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ይገኛል። የዕለቱ ሂሳብ ከመዘጋቱ በፊት ከታወቀ ነጋዴው እዚያው ቮይድ አድርጎ ይሰርዘዋል። ከተዘጋ በኋላ ግን ወደ ባንክ መሄድ ነው። «አልተሳካም» የሚለውን ስሊፕ ተቀብሎ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ማሽን ሲሳሳት ነው። የተሳሳተው ወይም ያታለለው ሰው ከሆነስ? እዚህ ላይ የእኛ ካርድና ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን የሚይዘው ክሬዲት ካርድ ይለያያሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት፣ ባለካርዱ ስህተት ያለበት የሂሳብ መግለጫ በተላከለት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወመ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ የተከራከረበትን ገንዘብ አይከፍልም። ተከፍሎበት ያልደረሰ ዕቃም እንደ ስህተት ይቆጠራል። ብልሃቱ ገንዘቡ መጀመሪያም የባንኩ መሆኑ ነው፤ ደንበኛው ገና ስላልከፈለ እጁ ላይ መደራደሪያ አለ። ቪዛና ማስተርካርድም ከነጋዴው ባንክ ገንዘቡን መልሰው የሚስቡበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በእኛ አገር በየኪሱ ያለው ዴቢት ካርድ ነው፦ የሚሄደው የራስ ገንዘብ ነው፣ ያውም ወዲያው። ደግሞም የፉሪ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚከፍለው ከካርድ ይልቅ በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንኪንግ ነው። ያ ደግሞ በባንኩ ዓይን ከግዢ ይልቅ ገንዘብ መላክ ይመስላል። ሻጩ ዕቃውን ቢከለክል ባንኩ «አንተው ልከሃል» ይላል፤ ክርክሩ ከሻጩ ጋር ይቀራል።

በስህተት ለሌላ ሰው የተላከም እንዲሁ። መተግበሪያው ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም የሚያሳየው ለዚህ ነበር፤ ማን ያነበዋል? ባንኩ ተቀባዩን ደውሎ ይለምናል እንጂ ያለ ፈቃዱ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሌላ ደንበኛን ሂሳብ መንካት አይወድም። ተቀባዩ እምቢ ካለ የሚቀረው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2164 ሊከፍል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ለ4000 ብር ሲባል ስንት ቀጠሮ ይቆጠራል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ባንክ ራሱ መልሱልኝ ባይ የሆነበትን ቀንም አይተናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ ያሳወቀው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። መዝገቡ ሁሉንም በስም ይዟል፤ ባንኩም በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ አስታወቀ፣ ያልመለሱትን ስም ዝርዝርና ፎቶ ለጠፈ፣ አብዛኛውንም ገንዘብ አስመለሰ። 4000 ብር የቀረበት የፉሪ ደንበኛ የማንንም ፎቶ አይለጥፍም፤ ቅሬታ ማቅረቢያ ፎርም ነው ያለው።

ያም ቢሆን ፎርሙ ብቻውን አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች ቅሬታ ተቀብለው እንዲመረምሩ ይገደዳሉ፣ በመልሱ ያልረካ ደንበኛም ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይችላል። እዚያ የሚደርስ ሰው ግን መጀመሪያ ለባንኩ ማመልከቱን ማሳየት አለበት። በንግድ ባንክ 951፣ በቴሌብር 127 ደውሎ መናገር ነገሩን ያስጀምራል፤ ቅርንጫፍ ሄዶ በጽሑፍ አቅርቦ፣ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ቅጂው ላይ አስፈርሞ መውጣት ግን ይበልጣል። የጥበቃ ሠራተኛው «ነገ ተመለስ» ቢልም፣ ያቺን ፊርማ ሳይቀበሉ ወደ ባጃጁ መሄድ አያዋጣም።