በእስር ላይ ሰው ሲሞት ማን ይጠየቃል?

እህቶቼ፣ ለምክር ስትመጡ ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ፤ «ፖሊስ ይዞኝ አንድ ነገር ብሆን ማን ይጠይቅልኛል?» ትላላችሁ። ከማዳም ቤት የወጣች ወይም ኢቃማዋ የተቃጠለባት ልጅ ይህን ብታስብ አይፈረድባትም። ለመልሱ እንዲረዳን ሊባኖስን ያነጋገረ አንድ ጉዳይ ላንሣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በኦገስት 2022 መጨረሻ በሽር አብዱልሰዑድ የተባለ ሶርያዊ ስደተኛ በመንግሥት ደህንነት መሥሪያ ቤት እጅ እንዳለ ሞተ። መሥሪያ ቤቱ በአሸባሪነት እንደጠረጠረው ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሬሳው ላይ የግርፋት ሰንበርና ቁስል የሚያሳዩ ፎቶዎች ወጡ፤ አገሩም ተቆጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አምስት የደህንነቱ አባላት በማሰቃየት ወንጀል ተከሰሱ።

የተከሰሱበት ሕግ ቁጥር 65 ይባላል። ሊባኖስ ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የተቀበለችው በ2000 ነው፤ ይህን የራሷን ሕግ ያወጣችው ግን በ2017 ነው። በሕጉ መሠረት በምርመራ ወይም በእስር ላይ ሰውን ማሰቃየት ወንጀል ነው፤ ሰው ከሞተበት ደግሞ ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት እስራት ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ጉዳዩ የቀረበው ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች የመሳሰሉ ድርጅቶች «መለዮ ለባሽን መለዮ ለባሽ እንዴት ይዳኘዋል? ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይዛወር» አሉ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ሌላም ድምፅ አይጠፋም፤ «ሟቹ ተጠርጣሪ ነበር፤ ፖሊስን ከከሰስን ማን ይጠብቀናል?» የሚል። ሁለት ነገር እንለይ። ክስ ፍርድ አይደለም፤ የተከሰሰ ፖሊስም እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል። የተያዘ ሰውም እንደዚሁ ነው። ወንጀለኛ ቢሆን እንኳ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ነውና እንዲገረፍ የሚፈቅድ ሕግ የለም።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አንደኛ፣ ሟቹ የአገሩ ዜጋ አልነበረም፤ ስደተኛ ነበር። ስደተኛም ሲሞት ክስ ሊመሠረት እንደሚችል አይተናል። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ተዳፍኖ እንዳይቀር ያደረገው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ባይኖር ኖሮ የሚሰማው የአሳሪዎቹ ቃል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሊባኖስ ውስጥ ፖሊስ ለምርመራ ቢይዝሽ ሕጉ የሚሰጥሽን እወቂ፦

• ለቤተሰብ፣ ለጠበቃ ወይም ለምታውቂው ሰው መደወል ትችያለሽ። የግድ ለአሠሪሽ መደወል የለብሽም።
• ዐረብኛው ካልገባሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ያላነበብሽውን ወረቀት አትፈርሚ።
• ሐኪም እንዲያይሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ከተመታሽ ቶሎ ጠይቂ፤ ሰንበር ይጠፋል።
• ለምርመራ የሚያዝ ሰው የሚቆየው 48 ሰዓት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ አንድ ጊዜ ሊያራዝመው ይችላል።

ሕጉ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አላታልላችሁም። «መብቴ ነው» ስትዪ የሚቆጣ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ድምፅሽን ሳታሰሚ፣ በትሕትና፣ ግን ደጋግመሽ ጠይቂ። ሌላው ሥራ ከውጭ ያለነው ነው። ጓደኛሽ ስትያዝ ፈርተሽ ስልክሽን አትዝጊ። ሙሉ ስሟን በፓስፖርቷ ላይ እንደተጻፈው፣ የተያዘችበትን ቀንና ሰዓት፣ የወሰዷትን ቦታ ጽፈሽ በዚያው ቀን ለእኛ አሳውቂ። የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን ፎቶ አሁኑኑ ለምታምኛት አንዲት እህት ላኪ።

ጌታ «ታስሬ ነበር፤ ወደ እኔም መጥታችኋል» ያለውን ቃል እናውቀዋለን። ሁላችን እስር ቤት ድረስ መሄድ አንችል ይሆናል። ስሟን ይዞ «የት አደረሳችኋት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳላት ያወቀ አሳሪ ግን እጁን ለመሰንዘር ያመነታል። ያ ጠያቂ እኛ እንሁን።