ሐኪሙ ባትሪውን ከጎን በኩል ለምን ያበራል?

ዛሬ 10 ሰከንድ ስለማትፈጅ የዓይን ምርመራ ላጫውታችሁ።

ሐይቅ ከተማ ለዓይን ምርመራ በሄድንበት ጊዜ 60 ዓመት ገደማ የሆናቸው እናት መጡ። "ልጄ፣ ማታ ማታ ግንባሬን ይወቅረኛል፣ ዓይኔ ጭጋግ ይለብሳል፤ አምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና አያለሁ" አሉኝ። ለወራት ማስታገሻ ሲውጡ ነው የከረሙት።

ወረፋው ረጅም ነበር። የዓይናቸውን ውስጥ ለማየት ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ አንስቼ ነበር፤ ግን ቆም ብዬ መጀመሪያ ባትሪዬን ከጆሯቸው በኩል አበራሁ። በአፍንጫቸው በኩል ያለው የዓይናቸው ክፍል ጥላ ሆነ። ጠብታውን መልሼ ከደንኩት። "ጥልቀቱን እየለካሁ ነው" ስላቸው "የሐይቃችንን ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ።

የምን ጥልቀት?

ከዓይናችን ፊት ኮርኒያ የሚባል መስታወት መሰል ሽፋን አለ። ከኋላው ለዓይን ቀለም የሚሰጠው አይሪስ አለ። በሁለቱ መካከል ንጹሕ ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት አለ፤ በአዋቂ ሰው መሃሉ ላይ ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፈሳሹ የሚወጣው ጠርዙ ላይ ባለው ማዕዘን ነው። ክፍተቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ማዕዘኑ የመዘጋት ስጋት አለው። ብሌን በጠብታም ሆነ በጨለማ ሲሰፋ መውጫው ሊደፈን፣ ግፊቱም በሰዓታት ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። እኚያ እናት ማታ ማታ የሚያማቸው ለዚህ ነው።

ክፍተቱ ጥልቅ ከሆነ ከጎን የበራው ብርሃን እስከ አፍንጫ በኩል ይሻገራል። ጠባብ ከሆነ ግን አይሪሱ ወደ ፊት ስለሚገፋ እንደ ኮረብታ ጥላ ይጥላል። ባትሪ ግን ፍንጭ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቁርጡ የሚታወቀው በስሊት ላምፕና ማዕዘኑን ራሱን በሚያሳየው ጎኒዮስኮፒ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በስልክ መብራት ሞክራችሁ "ደህና ነኝ" አትበሉ።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው፦
👉 ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በተለይ ሴቶች
👉 ቅርቡን ለማየት የሚቸገሩና ከልጅነት ጀምሮ ፕላስ መነጽር የሚያደርጉ
👉 በቤተሰብ ግላኮማ ያለባቸው
👉 የዓይን ሞራ በጊዜ ሳያስወጡ የቆዩ

ድንገት ኃይለኛ የዓይን ሕመም፣ መቅላት፣ ብዥታና ማስታወክ አብረው ከመጡ "ጨጓራ ነው፣ ማይግሬን ነው" ብላችሁ አትደሩ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። የዓይን ጠብታም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ አትግዙ።

እኚያን እናት ሪፈር ጻፍንላቸውና በሌዘር አይሪሳቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተሠራላቸው። የቀኝ ዓይናቸው ነርቭ ቀድሞ ስለተጎዳ ያ አይመለስም። ግራው ግን ተርፏል።

ዛሬ ማታ እናት አባታችሁን "አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ታያላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሼር አድርጉት፤ የአንድ ሰው ዓይን ሊያተርፍ ይችላል።